ቁመቱን የለካንበት ብራና

በአክስቴ ቤት፣ ከበሩ ገባ እንዳሉ በስተቀኝ፣ ግድግዳው ላይ ዕቃ የሚንጠለጠልበት አንድ የወይራ ኩላብ አለ። የተከለው ባሏ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ፣ ከአናቱ እኩል አስለክቶ ነው የተከለው። እኔ ባሏን በሕይወት አላወቅሁትም፤ ቁመቱን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

መሪጌታ ነበር። በደባርቅና በዳባት መካከል ባሉ ደብሮች እየተዘዋወረ ዜማ ያስተምር ነበር። በበጋ ብራና ይፍቃል፣ ክረምት ሲገባ ይጽፋል። ከሚጽፋቸው ነገሮች አንዱ ከሞተ ሰው ጋር የሚቀበር ረጅምና ጠባብ ብራና ነበር። በሰውየው ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ጸሎት ይጻፍበታል፤ በመጨረሻ ከመግነዙ ሥር ከእግር እስከ ራስ ይዘረጋል። ነፍስ በምታልፍበት መንገድ የሚጠይቋት አሉ፣ መልሱን ይዛ እንድትሄድ ነው ይባላል። ዛሬ ብዙ ካህናት ይህን አይወዱትም። ያኔም የማይወዱት ነበሩ።

የመጨረሻውን ብራና ለራሱ ቆረጠ። ጸሎቱን ሁሉ ጻፈ፤ ስም የሚገባበትን ቦታ ግን ክፍት ተወው። የገዛ ስሙን በገዛ እጁ መጻፍ ከብዶት ይሆን፣ ወይስ ሌላ ሰው እንዲጽፍለት ፈልጎ፣ አክስቴ አታውቅም። ብቻ በዚያው ዓመት ለንግሥ ወደ ዛሪማ ወረደ፤ ቆላው በወባ ያዘው፤ እዚያው ሞተ። ሙቀቱ ሬሳ አያቆይምና እዚያው ተቀበረ። ወሬው ወደ ደጋ ሲወጣ እሱ አፈር ከለበሰ ቆይቷል። ብራናው በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንደተጠቀለለ ኩላቡ ላይ ቀረ።

እኔ ለትምህርት ብዬ ከዳባት ገጠር ከአባቴ ቤት ወደ ደባርቅ ስመጣ፣ አክስቴ ከአንድ ወንድ ልጇ ጋር ብቻዋን ነበረች። ቤቷ ከከተማው ጫፍ ላይ ነው። ጉም በሌለ ቀን የሊማሊሞ መንገድ ወደ ቆላ መጠምዘዝ የሚጀምርበት ቦታ ከደጁ ይታያል።

በየዓመቱ በጳጉሜን፣ ለሩፋኤል ዝናብ ተጠምቀን ስንገባ፣ አክስቴ ብራናውን አውርዳ ከኩላቡ ላይ ቁልቁል ትዘረጋው ነበር። ጫፉ መሬቱን ይነካል። ልጇን ጀርባውን ሰጥታ ታቆመዋለች። መዳፏን አናቱ ላይ ጠፍጠፍ አድርጋ ታስቀምጥና በብራናው ጠርዝ፣ ጽሑፍ በሌለበት በኩል፣ በመርፌ ትወጋለች።

«ተረከዝህን አውርድ፣ ሌባ!»

«አውርጃለሁ እኮ!»

«የወረደ ተረከዝ ይሄ ነው? ፍየል ትመስላለህ!»

እኔ እስቃለሁ። እኔን ለክታኝ አታውቅም። ስጠይቃት «ያንቺ አባት በሕይወት አለ፣ እሱ ይለካሽ» ትላለች። በእርግጥ የምትለካው ልጁን ብቻ አልነበረም። የባሏ ፎቶ እንኳ አልነበራትም። ከእሱ የቀረው ልክ ያ ብራና ብቻ ስለነበር፣ ልጇ ወደ አባቱ ምን ያህል እንደቀረበ የምታውቀው በዚያ ነበር።

አንድ ጊዜ ጎረቤታችን፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ በመሃል ገብታ አየችን። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንቺ ሴትዮ! በመግነዝ ልጅ ይለካል?»

«በምን ልለካው ታዲያ? ሜትር ካለሽ አምጪ።»

«ሜትር ባይኖረኝ ዱላ አለኝ። ዱላ ይሻል ነበር።»

«ዱላ አባቱ ነው?» አለች አክስቴ። ሦስታችንም ሳቅን። ልጁም ሳቀ። ያ ሳቅ አሁን ሳስበው የሌላ ቤት ሳቅ ይመስለኛል።

ቁመቱ ከብራናው ጫፍ የደረሰው እኔ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ነበር። መርፌው ከኩላቡ ሥር፣ በብራናው የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ወጋ። «ልክ!» ብላ እልል አለች። «የአባትህን ልክ ደረስክ!» እሱ ያኔ በቅሎ ይዞ ቱሪስት እየተከተለ ወደ ተራራዎቹ፣ ወደ አምባራስና ወደ አምቢኮ ይሄድ ነበር። ሲመለስ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ ይመጣና «ፈረንጆቹ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያዩ ማልቀስ ይቀራቸዋል፤ እኔን ሲያዩ ውኃ አምጣ ይሉኛል» እያለ ያስቀን ነበር።

ጦርነቱ ወደኛ በቀረበበት ክረምት፣ በቅሎዋን ከእናቱ ደጅ አስሮ በሊማሊሞ ቁልቁል ወረደ። ከእሱ ጋር ከወረዱት የተመለሱ አሉ፤ ሬሳቸው በሰው ትከሻ የወጣም አሉ። እሱን አንዱ ዛሪማ ላይ አይቼዋለሁ አለ። ሌላው ወደ ተከዜ ከተሻገሩት ጋር ነበር አለ። «እኔ ቀበርኩት» ያለ ግን አንድም አልተገኘም።

*

በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር፣ የጥንት ታሪክ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስዕል ለማየት መጋረጃው ተዘግቷል። መምህሩ ረጋ ያለ፣ ቃሉን የሚመርጥ ሰው ነበር። የዚያን ቀን የነገረን የጥንት ግብፅ አማልክት ከአገራቸው እንዴት እንደወጡ ነበር። ወደ ኑቢያና ወደ መርዌ ሽቅብ፣ በባሕር ደግሞ ወደ ግሪክና ወደ ሮማ። መርከበኞች ልጇን ታቅፋ የምታጠባዋን እንስት አምላክ እንዴት ከወደብ ወደብ ይዘዋት እንደዞሩ አሳየን። የደቡብ ሰዎች ደግሞ በየጊዜው ወደ ደሴት መቅደሷ እየመጡ ምስሏን በጀልባ ይዋሱ ነበር አለን፤ አገራቸው ወስደው ይሳለሟትና ይመልሷታል። አምላክ በውሰት! የክፍሉ ልጆች ሳቁ።

የአማልክቱን ስም ሰሌዳው ላይ ጽፎልን ነበር። እኔ ግን እዚህ አልጽፋቸውም፤ በኋላ አክስቴ በስም ሳይሆን እንዲሁ «ሴትዮዋ» ብላ ጠርታ ለእኔም እንዲያው ቀርተዋል።

ቀጥሎ የመጣው ስዕል ረጅም የፓፒረስ ጥቅልል ነበር። ከሟች ጋር የሚቀበር፣ ነፍስ በመንገዷ ለሚጠይቋት የምትመልሰው የተጻፈበት። «አንዳንዶቹ ቀድመው ተዘጋጅተው ገዢ የሚጠብቁ ነበሩ» አለ መምህሩ። «ስለዚህ የስሙ ቦታ ክፍት ነው። ይኸው፣ እዚህ ላይ እንደምታዩት ስሙ ሳይገባ ቀርቷል።»

«መምህር፣ ፎርም ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ልጅ። እንደገና ሳቅ ሆነ።

ያ ክፍት ቦታ የማውቀው ቦታ ነበር። ደባርቅ፣ ከበሩ በስተቀኝ።

መምህሩ ጥንቃቄ አስተማረን። መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይደለም አለ። ጸናጽሉ፣ ከዓመቱ የተረፉት የጳጉሜን ቀናት፣ እነዚህ ከግብፅ ወደ እኛ የመጡበት መንገድ ይታወቃል፤ ሌላው ግን በየቦታው የሞት ፍርሃት ራሱ የወለደው ሊሆን ይችላል። ጳጉሜን በጥንታዊት ግብፅ ከዓመቱ ውጪ የሚቆጠሩ፣ አማልክቱ የተወለዱባቸው ቀናት እንደነበሩም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። የሚጠየቅ ነገር አለኝ፤ እጄን ግን አላነሣሁም። በክፍል ውስጥ እጄን አንሥቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ግሪኮች እንደጻፉት አድርጎ የአንድ የግብፅ ንጉሥ ታሪክ ነገረን። ወንድሙ ይቀናበታል። ንጉሡ በተኛበት ቁመቱን በድብቅ ይለካል። በዚያ ልክ ያማረ ሣጥን ያሠራል። ግብዣ ጠርቶ «ልኩ ለሆነለት ሰው ስጦታዬ ነው» ይላል። ሁሉም ይሞክራሉ፤ አይሆናቸውም። ንጉሡ ሲገባበት ልኩ ነው። ክዳኑ ይመታበታል፤ ወንዝ ውስጥ ይጣላል። ሚስቱ፣ ያቺው ልጇን የምታጠባዋ እንስት አምላክ፣ ልትፈልገው በየአገሩ ትንከራተታለች።

«ልክ!» የሚለው የአክስቴ ድምፅና እልልታዋ ከዚያ ክፍል ተከትለውኝ ወጡ።

*

ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ወደ አክስቴ ቤት ተመለስኩ። ክረምት ነበር። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ማኅደሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዝናቡ ሲያባራ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከግድግዳው ላይ ቀስ ያለ የቆዳ ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ የሚገላበጥ ይመስላል። አክስቴ ትሰማዋለች። ቀና ብላ አይታው ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከሊማሊሞ የሚወጣ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ደግሞ በሩን ገርበብ ታደርጋለች። ለምን እንደምታደርግ አልጠየቅኋትም።

በነሐሴ መጨረሻ አባቴ የንስሐ አባቷን ይዞ ከዳባት መጣ። ለምን እንደመጡ ሳይቀመጡ ታውቆ ነበር።

«እህቴ» አለ አባቴ፣ «ልጁ ፍትሐት ይጠብቃል። ተዝካሩ ሳይወጣ እስከ መቼ?»

«ሬሳ ሳላይ?»

«ሬሳ ያላየ ስንቱ አለ በዚህ አገር። ስሙን ብራናው ላይ እናስጽፍና እቤተ ክርስቲያን እንቅበረው። ቢያንስ አንድ ነገሩ አፈር ይልበስ።»

ካህኑ ሳል አሉ። «ብራናውን እንኳ ተዉት። በስሙ ጸሎት ይደረግለታል፣ ያ ይበቃል። በመግነዝ ጽሑፍ የሚጸድቅ የለም።»

«አባቴ፣ እርስዎ የሚጸድቀውን ነው የሚሉኝ» አለች አክስቴ። «እኔ የምጠይቅዎ ሞቷል ወይ ነው።»

ካህኑ መስቀላቸውን በእጃቸው ውስጥ አገላበጡ። ሐሰት ግን አልተናገሩም።

«ለመስቀል ስትመጡ እነግራችኋለሁ» ብላ ሸኘቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ የነበረው ነገር ይኸው ነበር፤ በዚያ ክፍት ቦታ የልጇን ስም ታስገባለች ወይስ አታስገባም። ካስገባች ሞቷል ብላ ፈረመች ማለት ነው። ካላስገባች ደግሞ፣ ሞቶ ከሆነ፣ ያለ ጸሎት የሚንከራተት ልጅ እናት ናት።

በሩፋኤል ቀን ዝናቡ ረፋዱ ላይ ጣለ። ደጅ ወጥተን ራሳችንን ሰጥተነው ገባን። አክስቴ ጸጉሯን እየጨመቀች ኩላቡን አየች። ብራናውን አላወረደችም። ከእሳቱ ዳር ተቀመጠች።

«አንቺ ዝምተኛ፣» አለችኝ፣ «እዚያ ጎንደር ያን ሁሉ ዓመት ምን አስተማሩሽ? አንድ ቀን እንኳ ነግረሽኝ አታውቂም።»

ብዙ ነገር መናገር እችል ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ያ ታሪክ ሆነ። ምናልባት ቀኑ ጳጉሜን ስለነበረ ነው። መለካቱን ዘልዬ ልነግራት ወሰንኩ። ንጉሥ ነበር፣ ወንድሙ ቀናበት፣ ሣጥን አሠራ፣ ገባበት፣ ተዘጋበት፣ ወንዝ ወሰደው አልኳት።

«የቱ ወንዝ?»

«አባይ።»

«የእኛ ውኃስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ተከዜ። ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአባይ ይገናኛል። ከዚያ ግብፅ።»

ይህን ስትሰማ እጇ ጸጉሯ ላይ ቆመ። «ሴትዮዋስ?»

«ተከትላው ሄደች። በየአገሩ እየጠየቀች። ከባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ አገኘችው፤ ይዛው ስትመለስ ያ ወንድም ነጥቆ ቆራርጦ በየቦታው በተነው። እሷ ደግሞ እየዞረች ለቀመችው። ካገኘችበት ሁሉ ቀበረችው ይላሉ። ለዚህ ነው በየአገሩ መቃብሩ እኛ ጋ ነው የሚባለው።»

«እየቀበረች ሄደች» አለች። «በየአገሩ ለቅሶ ተቀመጠች በይኛ።»

«እንዲያ ነው። የሷ ለቅሶ ሃይማኖት ሆኖ ባሕር ተሻግሯል።»

«ለቅሶ ይሻገራል» አለችኝ፣ አስተማሪ የምታርም ይመስል። እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋች። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«ሣጥኑ ግን» አለች ድንገት፣ «እንዴት ለእሱ ብቻ ልኩ ሆነ?»

ማድረግ የማልችለው ነገር ቢኖር አክስቴን መዋሸት ነው። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ።

«ለክቶታል» አለች።

«ተኝቶ ሳለ» አልኩ።

«እኔ እንኳ ቆሞ ነው የለካሁት።»

ከግድግዳው ላይ ማኅደሩ ቀስ ብሎ ድምፅ አሰማ። እርጥበቱ ነው። እርጥበቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለታችንም ግን ቀና ብለን አየነው።

«እታለም፣ ተረት ነው እኮ። አንቺ ያደረግሽው ሌላ ነው፤ አንቺ ከአባቱ ጋር...»

«ዝም በይ ልጄ። አልቆጣሁም» አለች።

*

ዘመኑ ተለወጠ። አበባው ወጣ፣ ገብሱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከተማው ለመስቀል ደመራ እንጨት ይሰበስብ ጀመር። አንድ ጠዋት ከደጅ ስገባ አክስቴ ብራናውን መደቡ ላይ ዘርግታዋለች። አጠገቡ የባሏ የቀለም ቀንድ አለ። የደረቀውን ቀይ ቀለም በሞቀ ውኃ አርሳዋለች። የመቃ ብዕሩንም ራሷ ቀርጻዋለች።

«ጻፊ» አለችኝ።

«የሱን?»

«የኔን።»

አየኋት። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ቦታው ክፍት እስከሆነ ድረስ ይጣራል» አለች። «መጀመሪያ አባቱን ጠራ። ቀጥሎ እኔ ራሴ ልጁን ወስጄ አስጠጋሁለት። እኔ ከገባሁበት ማንም አይገባበትም።»

«እታለም፣ ልኩ ያንቺ አይደለም። ካንቺ ይረዝማል።»

«ይርዘም። ጸሎት ቢተርፍ ምን ይጎዳል?»

የክርስትና ስሟን በጆሮዬ ነገረችኝ። ያን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ባሏ ሰፊ ቦታ ትቶ ስለነበር ስሙ ሳይጣበብ ገባ። ፊደሎቹ ከእሱ ፊደሎች አጠገብ ቀጫጭን ሆነው ወጡ። ስጨርስ ጎንበስ ብላ ቀለሙን እፍ አለችበት። ማንበብ አትችልም። ቢሆንም ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ጎንደር ያየሁት ጥቅልል ትዝ አለኝ፤ ስም የሚያስገባበት ሰው አጥቶ እስከ ዛሬ ክፍት የሆነው።

ለመስቀል አባቴና ካህኑ መጡ። አባቴ ብራናውን አንሥቶ ዘረጋው። ቀዩን አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ያንቺ እጅ ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እሷን ምን ታፈጥባታለህ?» አለች አክስቴ። «መግነዙ የኔ ሆኗል። ሌላ ብራና እንዳትቆርጡ ደግሞ የልጄ ልክ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ሳትለኩ ለማን ትቆርጣላችሁ? በዚህ ቤት ገና የሞተ የለም።»

አባቴ ሊናገር አፉን ከፈተ። ካህኑ ክንዱን ነካ አደረጉት። «ተዋት» አሉ። ቀጥለውም ወደ አክስቴ ዞረው «ጸሎቱን ለጠፋ ሰው አደርሳለሁ። ለጠፋም ጸሎት አለ» አሏት። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ቀለል አላት። እንቅልፍ ተኛች። የከበደው እኔን ነበር። ጠዋት ጠዋት ሳትነሣ ስትዘገይ፣ ያ ቀጭን ቀይ ጽሑፍ ዓይኔ ላይ ይመጣል። በሽታዋ የልብ እንደሆነ ሐኪም ነግሮናል፤ ቀድሞም የነበረ ነው። ይህን አውቃለሁ። አውቄም እፈራለሁ።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በፊት አረፈች። ዳባት፣ ከወላጆቿ ደብር ወሰድናት። ሴቶቹ አጥበው ሲጨርሱ ብራናውን እኔ ያዝኩት፤ የሚይዘው ጠፍቶ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዲይዘው ስላልፈለግሁ ነው። ከእግሯ ጀምረን ዘረጋነው። ያኔ ነው የመርፌዎቹን ቀዳዳ ያየሁት። ልጁ ገና ሕፃን ሆኖ ከቆመበት፣ ከዳሌዋ በታች ይጀምራሉ። ከጎኗ ያልፋሉ፣ በደረቷ፣ በትከሻዋ። ከዚያ ከራሷ በላይ ይቀጥላሉ፤ እሷን በቁመት ያለፈባቸው ዓመታት ናቸው።

«ይሄ ትርፉ ይቆረጥ?» አለች አንዷ አሮጊት። መቀስ ፈለጉ።

«አይቆረጥም» አልኩ። ብዙ ሰው ባለበት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ አባቴ እንኳ ዞሮ አየኝ።

የንስሐ አባቷ ቀረቡ። ብራናውን አይወዱትም፤ አሁንም እንደማይወዱት ፊታቸው ላይ ይታያል። «ይታጠፍ» አሉ። ትርፉን በእጃቸው አጥፈው ፊቷ ላይ መለሱት። በበሩ የሚገባው ብርሃን በመርፌዎቹ ቀዳዳ አልፎ ጉንጯ ላይ ጥቃቅን ነጥብ ሆኖ አረፈ። ቀጥሎ መግነዙ ሸፈነው።

አሁን በቤቷ የምኖረው እኔ ነኝ። በቅሎዋን አባቴ ወስዷታል። ግድግዳው በክረምት ምንም ድምፅ የለውም። ኩላቡን ግን አልነቀልኩም፤ የቀረው የልጇ ልክ እሱ ነው። ጉም ከሊማሊሞ ሲወጣና ደጁ ነጭ ሲሆን፣ ሰው መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም፣ ፊቱን ከማየቴ በፊት አናቱ የት እንደደረሰ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ ከኩላቡ በታች ነው።